ዋጋው ወርዷል፣ ኪሳችሁስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የቤት ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚደርሱን ደብዳቤዎች በሁለት ይከፈላሉ። ገዢው «አሁን ልግባ ወይስ ልጠብቅ?» ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «ምን ብቀባው ይሸጥልኛል?» ይላል። ረጃጅሞቹን አሳጥረናቸዋል፤ ስለ ደላሎች የተጻፈውን ምሬትም ለባለቤቶቹ ትተንላቸዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ዋጋው ገና ይወርዳል ይለኛል። የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሲደርስ ልገዛ አስቤያለሁ። መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አያውቁም። ዝቅታው የሚታወቀው ዋጋው ተመልሶ መውጣት ከጀመረ ከወራት በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከሩብ በላይ ወርዷል፤ በመሃል ትንሽ ቀና ብሎ «አበቃ» ያሰኘበት ጊዜም ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ቁልቁል ተጉዟል። ስለዚህ ዝቅታውን ከማደን ይልቅ ገበያውን ያንብቡ። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀንሰው የሚሸጠው ቤት ብዛት ነው፤ ዋጋው ዘግይቶ ይከተላል፣ ምክንያቱም ሻጭ የአምናውን ዋጋ ቶሎ አይረሳም። የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በአካባቢው በቅርቡ በትክክል የተሸጠበትን ያጣሩ። ቤቱ ስንት ወር ገበያ ላይ እንደቆየም ይጠይቁ። ተመሳሳይ ቤት የሚከራይበትንም ከወር ክፍያዎ ጋር ያወዳድሩ። አምስት ስድስት ዓመት የማይኖሩበት ከሆነ ግን ይከራዩ፤ የዝውውር ወጪው ብቻ ትርፍዎን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ለሽያጭ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ደብዘዝ ያለ ክሬም፣ በሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት። በቃ።

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ነን። 1,250,000 የሚሸጥ ቤት አግኝተናል፤ ያጠራቀምነው 300,000 ነው። ባንኩ ቢያንስ 20 በመቶ አምጡ ብሎናል፣ ቀሪውን በ12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ያበድረናል። ወለዱ እንዳይበዛብን ያለንን ሁሉ ቅድመ ክፍያ ልናደርገው ነው።

መልስ፦ አታድርጉት። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ስሌቱ ያው ነውና አብረን እናስላው። 300,000ውን በሙሉ ብትሰጡ ብድራችሁ 950,000፣ የወር ክፍያችሁም 10,460 ገደማ ይሆናል። 250,000 ብቻ ሰጥታችሁ 1,000,000 ብትበደሩ ክፍያው 11,011 ገደማ ነው። ልዩነቱ በወር 550 ነው። ለዚህች ቅናሽ ብላችሁ ነው እንግዲህ 50,000 ከእጃችሁ የምታወጡት። ያቺ 50,000 አንዳችሁ ከሥራ ብትወጡ የአራት ወር ተኩል ክፍያ ትሸፍናለች። አንዴ የገባ ቅድመ ክፍያ በጭንቅ ቀን መልሱልኝ ቢሉት አይመለስም። በቤቱ ላይ ተጨማሪ አበድሩኝ ቢባልም፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት ደመወዙ ለተቋረጠበት ሰው እሺ የሚል ባንክ ማግኘት ከባድ ነው።

ቤት የገዛ ሰው ሁሉ የሚፈራው የዋጋ መውረድን ነው። የዋጋ መውረድ ብቻውን ግን ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። ብድሩን እዩት፦ ከመጀመሪያው 11,011 ውስጥ 10,000ው ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,011 ብቻ። አምስት ዓመት ሙሉ ሳታጓድሉ 660,000 ያህል ከከፈላችሁ በኋላ እንኳ 917,000 ገደማ ዕዳ ይቀራችኋል። በዚያ መሃል የቤቱ ዋጋ 30 በመቶ ቢወርድ ቤቱ 875,000 ያወጣል፤ ዕዳው ከቤቱ በለጠ ማለት ነው። ያስደነግጣል፤ ግን ወር በወር እየከፈላችሁ እስካላችሁ ድረስ ጣሪያው ያው ጣሪያ ነው፣ በሩም ያው በር። አደጋው የሚመጣው ክፍያው ሲቋረጥ ነው። ያኔ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፣ ሐራጅ ደግሞ በቀዘቀዘ ገበያ ላይ ሌላ ቅናሽ ነው። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ በብዙ አገሮች ቀሪው ዕዳ ቤት አልባውን ሰው ይከተለዋል። ዋጋ ሲወርድ የሚጎዳው ለመሸጥ የተገደደ ሰው ነው፤ ከመገደድ የሚያድነው ደግሞ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ እንጂ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ገንዘብ አይደለም።

እንዲያውም 50,000ም አይበቃችሁም። ከሱ ላይ የስም ማዛወሪያው፣ የገማቹ፣ የውሉና የመድኑ ወጪ ይወጣል፤ ስትገቡም ቢያንስ አንድ ቧንቧ ማፍሰሱ አይቀርም። የስድስት ወር የባንክ ክፍያና የስድስት ወር ቀለብ አንድ ላይ ሊኖራችሁ ይገባል። ሁለታችሁም አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ግንባታ ነክ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ዘጠኝ ወር አድርጉት፤ ገበያውን ያቀዘቀዘው ነገር ደመወዛችሁንም አብሮ ያቀዘቅዘዋልና። ስለዚህ ምክራችን ቅድመ ክፍያውን ማሳደግ ሳይሆን ቤቱን ማሳነስ ነው። 1,000,000 የሚያወጣ ቤት ብትገዙ 200,000 ሰጥታችሁ 800,000 ትበደራላችሁ። ክፍያው 8,809 ገደማ ይሆናል፣ እጃችሁ ላይም 100,000 ይቀራል። ወይም በተጠየቀው ዋጋ ላይ በርትታችሁ ተከራከሩ፤ የምትኖሩት የገዢ ዘመን ላይ ነው።

ወለዱ ካንገበገባችሁ መድኃኒቱ ሌላ ነው። መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ በየወሩ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። በ1,000,000ው ብድር ላይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 990 ገደማ ብትጨምሩ 20ው ዓመት 15 ይሆናል፤ ከጠቅላላው ወለድ 480,000 ያህል ይቀንሳል። ወር የከበዳችሁ ጊዜ ደግሞ ጭማሪውን ትተዉታላችሁ፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፦ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለ ወይ? ጭማሪው በቀጥታ ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል ወይስ ለሚቀጥለው ወር ይያዛል? ዘመኑን ያሳጥራል ወይስ ክፍያውን ይቀንሳል? የባንክ ሠራተኛ በቃል «ችግር የለም» ያለው ነገር ውሉ ውስጥ ከሌለ የለም።

ጥያቄ፦ ቤቱን በ1,000,000 ተስማምቼ ቀብድ ከፈልኩ። የባንኩ ገማች 900,000 አለው። አሁንስ?

መልስ፦ ባንክ የሚያበድረው ከውሉ ዋጋና ከግምቱ ባነሰው ላይ ነው። 80 በመቶ የሚያበድር ከሆነ 800,000 ሳይሆን 720,000 ይሰጥዎታል፤ ከኪስዎ የሚወጣው ከ200,000 ወደ 280,000 ያድጋል። የግምት ሪፖርቱን ቅጂ ይጠይቁና ስፋቱና የክፍሎቹ ብዛት በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ስህተት ካለ እንደገና ይገመትልኝ ይበሉ። ስህተት ከሌለ ሪፖርቱን ይዘው ሻጩ ዘንድ ይሂዱ፤ ቀጣዩ ገዢም ከዚሁ ግምት ጋር እንደሚጋጭ እሱም ያውቃል። ቀብድዎ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ውልዎ ነው፤ ጠበቃ ያስነብቡት። ያልከፈላችሁ ሌሎች ደግሞ «ብድሩ በተጠየቀው መጠን ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳታስገቡ እንዳትከፍሉ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ወንድም ለቤት ብድሩ ዋስ ሁነኝ አለኝ። «ፊርማ ብቻ ነው» ይላል።

መልስ፦ ፊርማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንኩ ባልጠየቀው ነበር። እሱ ካልከፈለ ከፋዩ እርስዎ ነዎት፤ እስከዚያም ድረስ ዋስትናው እንደ ራስዎ ዕዳ ተቆጥሮ የራስዎን ብድር ሊያሳንስብዎ ይችላል። ብድሩን ብቻዎን መክፈል የማይችሉ ከሆነ አይፈርሙ። ለቤተሰቡ የሚሉትን እኛ አናውቅልዎትም።

ጥያቄ፦ ተለዋዋጭ ወለዱ ከቋሚው ዝቅ ይላል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ወለዱ ሦስት ነጥብ ጨምሮ ቢመጣ መክፈል ይችላሉ? ከላይ ያየነው የ1,000,000 ብድር ከ12 ወደ 15 በመቶ ቢወጣ ክፍያው ከ11,011 ወደ 13,168 ያሻቅባል፤ አንድ አምስተኛ ያህል ጭማሪ ነው። ይህን የማይችል ሰው ተለዋዋጩን አይንካ። የሚችል ደግሞ ወለዱ በምን መነሻ እንደሚሰላ፣ በስንት ወሩ እንደሚከለስና ጣሪያ እንዳለው ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይረጥባል፤ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። ሦስት ጊዜ አስቀባሁት። ልሸጠው ስለሆነ የማይላጥ ቀለም ንገሩኝ።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቀለም የለም። ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ ጨው አሟሙቶ ወደ ውጭ ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀርና ቀለሙን ገፍቶ ያነሳዋል። ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ቢደርቡበት ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የረጠበው ቦታ ከፍ ብሎ ያገኙታል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርገው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና ሁለት ቀን ይተዉት። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ከረጠበ ችግሩ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ መስኮት ይክፈቱ፣ አልጋና ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ያርቁ። በግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ነው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ በአግድም የተሰመረ እድፍ ከመሬት የሚመጠጥ ውሃን ያመለክታል። ሻወር ቤት ጀርባ ብቻውን ያለ እድፍ ቧንቧ ነው፤ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ሁለት ሰዓት ቆይተው እንደገና ያንብቡት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ዝናብ ሲጥል የሚብስ ከሆነ ደግሞ አሸንዳውን ይመልከቱ። ውጭ ያለው አፈር ወይም ንጣፍ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት፣ ከግድግዳውም መሸሽ አለበት። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፦ አንድ ሰው አበባ ለመትከል ብሎ አፈር ቆልሎበታል።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ልስኑን ከእድፉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው እስከ ብሎኬቱ ያስነሱ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ እንጂ በውሃ አይጠቡ፤ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ማድረቅ ነው። በልምድ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ስለሚፈጅ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ስምንት ወር ሊወስድ ይችላል። አዲሱ ልስን ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ይፈልጋል። ይህን ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለዎት ምንጩን አዘግተው፣ ለቀሪው ሥራ ከሁለት ባለሙያ የዋጋ ግምት ተቀብለው ለገዢው ያሳዩትና ከዋጋው ይቀንሱ። አውቆ የደበቁት ጉድለት ከሽያጭ በኋላ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ገዢዎችም ልብ በሉ፤ ከአራት ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም የሸተተበትን ክፍል ከዝናብ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ 4 በ3.5 ሜትር ለሆነ ክፍል ስንት ሊትር ቀለም?

መልስ፦ ከፍታው 2.8 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 15 ሲባዛ በ2.8፣ 42 ካሬ ሜትር ነው። ለበርና መስኮት 4 ይቀንሱ፣ 38 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 76። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን 8 ሊትር ይግዙ፤ ኮርኒሱ ለብቻው ነው። አሮጌውን ግድግዳ በመዳፍዎ ሲዳብሱት ዱቄት ከተከተለዎት ፍቀው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ሳይቀቡ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ቤት ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ አለው። ሻጩ «አሥር ዓመቱ ነው፣ ስቱኮ ይበቃዋል» ይላል።

መልስ፦ ቀብድ እንዳይከፍሉ። ፀጉር የምታህል የልስን ስንጥቅ ብትሆን ኖሮ በስቱኮ ሂዱ እንልዎት ነበር። ደረጃ የሠራ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በአንድ በኩል መስመጡን ሊያመለክት ይችላል። በባትሪ ውስጡን ይመልከቱ፤ አቧራና የቆየ ቀለም ካለበት አሮጌ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕና ስለታም ከሆነ ገና እየሄደ ነው። በውጭ በኩልም ይታያል? አንደኛው ጫፍ ከሌላው ይሰፋል? አቅራቢያው ያለው በር ይነክሳል? ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። መልስዎ ምንም ቢሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ያስዩት። ግንበኛ አይደለም ያልነው፣ ጥገናውን ራሱ የሚሠራ ኮንትራክተርም አይደለም፤ ከቤቱ መሸጥም ሆነ ከጥገናው የማያተርፍ መሐንዲስ። ሻጩ አላስገባም ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ጥያቄ፦ ቤቴ አምስት ወር አልተሸጠም። ኩሽናውን በአዲስ ብቀይረው ዋጋ ያወጣልኛል?

መልስ፦ በዚህ ገበያ ያወጡትን አይመልስልዎትም። ገዢው የራሱን ምርጫ ይዞ ይመጣል፤ ከእርስዎ የሚፈልገው ሥራ የማያስጀምረው ቤት ነው። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ያሠሩ፣ የተቃጠሉ አምፖሎችን ይቀይሩ፣ ፉጋውን (በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን መሙያ) ያጽዱ። በገንዳውና በሴራሚኩ መጋጠሚያ ያለው ሲሊኮን ከጠቆረ ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ያውጡ፤ በአሮጌው ላይ የተደረበ ሲሊኮን አይዝም። ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ አዲሱን ካደረጉ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት። የቁምሳጥን በሮቹ ደህና ከሆኑ ቅባታቸውን አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርገው፣ ፕራይመር ቀብተው ቀለም ይቀቡ። እጀታ ሲቀይሩ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ነው። ተመሳሳዩን ካገኙ አዲስ ቀዳዳ አይበሱም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተሸጠ ችግሩ ኩሽናው ሳይሆን የጠየቁት ዋጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሴራሚክ ስንት ትርፍ ልግዛ?

መልስ፦ በቀጥታ ከተነጠፈ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ከሆነ 15። የሁሉም ካርቶኖች የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያዩ አያስጭኑ።