«በኮታ ገባች» እንዳልባል ማመልከቻውን ልተወው?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርትሽን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል፤ የአማዞንን የክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) መነሻ ፈተና አልፈሽ ለቀጣዩ እየተዘጋጀሽ ነው፤ በአንድ ድርጅት የክላውድ ክፍል ውስጥም የተግባር ልምምድ ላይ ነሽ። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። በዘርፉ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ የኅብረተሰብ ክፍሎች ተብሎ ለተዘጋጀው፣ ደመወዝ ለሚከፈልበት ሥልጠና ብታመለክቺ ጓደኞችሽ እንደሚሉት «በኮታ ገባች» የሚያሰኝሽ እንደሆነ፣ የሴቶች የፕሮግራሚንግ ክበብ ሰብሳቢ መሆንሽን የሚገልጸውን መስመር ከሲቪሽ ላይ ማውጣት ይሻልሽ እንደሆነ፣ እንዲሁም ትልልቆቹ ኩባንያዎች የብዝኃነት፣ የፍትሐዊነትና የአካታችነት ፕሮግራሞቻቸውን እያጠፉ ባሉበት በዚህ ወቅት ከልቡ የሚያሳትፍሽን ቀጣሪ በምን እንደምትለዪው ነው።

ከሦስቱ በፊት ግን በደብዳቤሽ መካከል እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽው ያለፍሽውን ጉዳይ ላንሣ። አብረውሽ ልምምድ ለጀመሩት ሁለት ወንዶች ደንበኞች ወደሚገለገሉበት ዋና ሥርዓት የመግቢያ ፈቃድ ሲሰጣቸው፣ ላንቺ «ጽሑፍሽ ጥሩ ነው» ተብሎ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝና የአሠራር መመሪያ ማዘጋጀት ተሰጠሽ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በክላውድ ሙያ ልምድ የሚገኘው በፈቃድ ነው። ሰርቨሮች በድርጅቱ ክፍል ውስጥ በሚቀመጡበት ዘመን ጀማሪ ሠራተኛ ከነባሩ ባለሙያ ጀርባ ቆሞ ሲሠራ እያየ ሊማር ይችል ነበር። በክላውድ ግን ሁሉም ነገር በአካውንትና በፈቃድ ስለሚያልፍ፣ ያልተፈቀደለት ሰው ሰርቨር ማስነሣትና የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ቀርቶ የብልሽት መዝገብ አንብቦ የሆነውን መረዳት እንኳ አይችልም። ሌሊት አገልግሎቱ ሲቋረጥ ማንቂያው የሚደርሰው በተረኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ላለ ሰው ነው፤ ያ ሰው መዝገቡን ከፍቶ አንድ የደኅንነት ሰርተፍኬት የአገልግሎት ዘመኑ እንዳለፈ ወይም ቀን ላይ የተቀየረ አንድ የኔትወርክ ደንብ መንገዱን እንደዘጋ እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፍበት ጭንቀት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ «ያጋጠመህን ከባድ ብልሽት አስረዳን» ሲባል የሚተርከው ልምድ ይሆንለታል። ቃለ ጉባኤ ስትይዝ የከረመች ሴት ግን ዕውቀቱ ቢኖራትም የምትተርከው አይኖራትም፤ ከዚያም «ልምድ የላትም» ትባላለች፤ አባባሉም እውነት ይሆናል።

አለቃሽ ክፉ አስቦ ነው ብዬ አልገምትም። ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው ቀድሞ ለጠየቀ ወይም ከኃላፊው ጋር ለሚግባባ ሰው ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አነጋግሪው። ሙያው ለሠራተኛ ሁሉ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ፈቃድ አይሰጠው የሚል የደኅንነት መርሕ ስላለው፣ በደፈናው «ፈቃድ ይሰጠኝ» ከማለት ይልቅ የተወሰነ ሥራ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ፈቃዱ ሥራውን ተከትሎ ይመጣል። በመጀመሪያ መዝገቦችንና የሥርዓቱን አወቃቀር ማንበብ ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ቢሰጥሽ ምንም ነገር ልታበላሺ ስለማትችዪ እምቢ ለማለት ምክንያት አይኖረውም። የመጻፍ ችሎታሽንም አትጥዪው፤ ከእያንዳንዱ የአገልግሎት መቋረጥ በኋላ የሚዘጋጀውን የምርመራ ሪፖርት እኔ ልጻፈው በይ። ያንን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው መዝገቡን ማንበብ፣ ተረኛውን መጠየቅና የብልሽቱን መነሻ መረዳት ግድ ይሆንበታል። ቃለ ጉባኤውን በተመለከተ ደግሞ ሦስታችሁም በየተራ እንድትይዙ ሐሳብ አቅርቢ፤ ጥያቄውም ጨዋ፣ ምክንያትሽም ግልጽ ነው።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። አመልክቺ፤ በዚህ ላይ ምንም አላመነታም። «በኮታ ገባች» የሚሉሽ ሰዎች በር መክፈትንና መስፈርት መቀነስን እየቀላቀሉ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ከምትዘጋጂበት ፈተና ራቅ ማለት አያስፈልግሽም። የሶሉሽንስ አርኪቴክት አሶሺየት ፈተና 65 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን በ130 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ለማለፍም ከ1000 ነጥብ 720 ማግኘት ይጠይቃል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰው በእንግሊዝኛ ሲፈተን ግን አስቀድሞ ከጠየቀ 30 ደቂቃ ይጨመርለታል። ጥያቄዎቹም የማለፊያው ነጥብም አይለወጡም፤ ጭማሪው የሚያደርገው የክላውድ ዕውቀትሽ እንጂ የንባብ ፍጥነትሽ እንዳይመዘን ነው። ፍትሐዊነት በተግባር ይህን ይመስላል፤ በዚያ ደቂቃ ተጠቅሞ ያለፈን ሰው ምጽዋት ተቀበለ የሚለው የለም። (የፈተናውን ቀን ከማስያዝሽ በፊት ጭማሪውን መጠየቅ እንዳትረሺ፤ ቀኑን ካስያዙ በኋላ የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው።)

ይህን ስል ግን በዚህ ስም የሚሰጥ ሥልጠና ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ከማመልከትሽ በፊት ሥልጠናው ሲያልቅ ምን እንደሚከተል በጽሑፍ ጠይቂ። ሠልጣኞች እንደ ሌሎች ጀማሪ መሐንዲሶች ያንኑ የቴክኒክ ምዘና አልፈው በዚያው የሥራ መደብና በዚያው ደመወዝ የሚቀጠሩ ከሆነ በሩ እውነተኛ በር ነው። ለእነርሱ ብቻ ተብሎ በተፈጠረ፣ ዕድገት በሌለውና ዝቅ ባለ መደብ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ግን ኩባንያው የሚያገኘው ለሪፖርቱ የሚሆን ቁጥር ነው፤ አንቺ ደግሞ አሁን ያለሽበትን የቃለ ጉባኤ ሥራ በሌላ ስም ትቀጥዪዋለሽ።

የሲቪውን ጉዳይ በተመለከተ ሥጋትሽ መሠረት አለው። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአመልካቾችን ሲቪ በራሱ የሚመዝን መሣሪያ ሲሞክር ነበር። መሣሪያው የተማረው በአሥር ዓመት ውስጥ ለኩባንያው ከገቡ ሲቪዎች ሲሆን አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ። በመሆኑም «የሴቶች» የሚለውን ቃል የያዘ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክበብ መሪ ነበርሁ የሚል ሲቪ ሲያገኝ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ሮይተርስ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣው ፕሮጀክቱ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። በሰው እጅ የሚደረግ ምልመላም ቢሆን ከዚህ የጸዳ አይደለም፤ በቺካጎና በቦስተን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ይዘታቸው ተመሳሳይ ከሆኑ ማመልከቻዎች መካከል የነጮች የሚመስል ስም የያዙት የጥቁሮች የሚመስል ስም ከያዙት በ50 በመቶ የበለጠ ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል።

እንዲህም ሆኖ መስመሩን አታውጪው እላለሁ፤ ሰው የመምራት ችሎታሽን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ በሲቪሽ ላይ የለምና። ማስተካከል ያለብሽ አጻጻፉን ነው። አሁን የሚለው «የሴቶች የፕሮግራሚንግ ክበብ ሰብሳቢ» ብቻ ነው፤ የሚያነበው ሰው ማን እንደሆንሽ እንጂ ምን እንደሠራሽ አያይም። የክበቡን የመመዝገቢያ ድረ ገጽ በክላውድ ላይ እንዳቋቋምሽው በደብዳቤሽ ነግረሽኛል፤ ሲቪሽ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም። የትኛውን አገልግሎት እንደተጠቀምሽ፣ ስንት ሰው እንዳስተናገደና ወርኃዊ ወጪውን በምን ዘዴ እንደቀነስሽ ከስያሜው ሥር በሁለት መስመር ጻፊው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ አሁን ያለውን ሁኔታ ይነካል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እነዚህን ፕሮግራሞች የሚቃወሙ ትእዛዞች ካወጣ ወዲህ ጉግል ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ክፍሎች ለመቅጠር የያዘውን ግብ ትቷል፤ ሜታ ደግሞ ትእዛዞቹ ከመውጣታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ፕሮግራሞቹን ማጥፋቱን አስታውቋል። ይህ የሚያስከፋ ነው፤ ጉዳቱም በሠራተኞች ላይ ብቻ አይቀርም። ሁለት ጥቁር ሴት ተመራማሪዎች፣ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ አገልግሎቶችን ፈትሸው፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ ሳይበልጥ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይተዋል። እንዲህ ያለው አገልግሎት በክላውድ አማካይነት ለማንኛውም ገዢ ስለሚቀርብ ስህተቱም በዚያው ስፋት ይሰራጫል። ችግሩን ያዩት በገዛ ፊታቸው ጭምር የሚመለከታቸው ሰዎች መሆናቸውን ልብ በዪ። ጥናቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ አገልግሎቶቻቸውን አሻሽለዋል።

ቀጣሪን ስትመዝኚ ግን የፕሮግራሙን ስም ተዪውና አሠራሩን እዪ። አጠቃላይ የሴት ሠራተኞች ቁጥር ያታልላል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ሪፖርቱን ሲያወጣ ሴቶች ከሠራተኞቹ 30 በመቶ ቢሆኑም በቴክኒክ ሥራ ላይ የነበሩት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ስትባዪ የምትገቢበት ቡድን ውስጥ ያለውን ሁኔታ ጠይቂ። ለአመልካቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በተጻፈ መመዘኛ ነጥብ ይሰጣል? አዲስ ሠራተኛ ወደ ዋናው ሥርዓት የመግቢያ ፈቃድ የሚያገኘው በስንተኛው ሳምንት ነው፣ የሚወስነውስ ማነው? የሌሊት ተረኝነት በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል፣ ክፍያ ወይም የዕረፍት ቀን አለው? ከወሊድ የተመለሰች ወይም ታማሚ የምታስታምም ባለሙያ ከተረኝነት ለጊዜው ብትወጣ ዕድገቷ ይቆማል? የመጨረሻውን በተለይ አትዝለዪው፤ ብዙ ሴቶች ከዚህ ሙያ የሚወጡት በችሎታ ማነስ ሳይሆን በዚህ ነጥብ ላይ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ጠያቂዎችሽ መልሱን ወዲያው ባያውቁት አትፍረጂባቸው፤ አጣርተው በኢሜይል እንዲያሳውቁሽ ጠይቂ። አጣርቶ የሚመልስልሽና ጥያቄውን እንደ ድፍረት የሚቆጥርብሽ ቀጣሪ ጎን ለጎን ቢቀርቡልሽ፣ ደመወዙ በመጠኑ ቢያንስም የመጀመሪያውን ምረጪ። ሁለተኛው ብቻ ከቀረበልሽ ግን ግቢበት፤ ሥራ ከሌለው ሰው ይልቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው የተሻለ ቦታ ለመፈለግ ይቀለዋል። በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንትም የትኛው ሥራ ለማን እንደተሰጠ፣ ፈቃድሽም መቼ እንደሚደርስ ከአለቃሽ ጋር በጽሑፍ ተስማሚ።