ዲኤስ-160 ከተላከ በኋላ ስህተት ቢገኝበትስ? ለአዳማዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይሄው ጉዳይ እኛ ቤትም ደርሷል።

ጥያቄውን ላላያችሁ ላሳጥረው። እህታችን ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ዲኤስ-160 የሚባለውን የማመልከቻ ፎርም እዚሁ አዳማ ኢንተርኔት ቤት አስሞልታ ልካለች። ከፍላለች፣ ቀጠሮም ይዛለች። ቤቷ ገብታ ስታነበው ሁለት ስህተት አገኘችበት። የልደት ዓመቷ በአንድ ዓመት ተዛንፏል። «አሜሪካ የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ» ለሚለው ደግሞ ወንድሟ እዚያ እየኖረ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ቀጠሮውን ልሰርዘው ወይስ ኢንተርቪው ላይ በአፌ ላስረዳ ነው የምትለው።

ቀጠሮውን አትሰርዢ። በአፌ አስረዳለሁ ብለሽም አትቀመጪ። አዲስ ዲኤስ-160 ሙዪና አዲሱን ቁጥር ከቀጠሮሽ ጋር አገናኚው። ፎርሙን እንደገና ስለሞላሽ ሌላ ክፍያ አትጠየቂም። የከፈልሽው 185 ዶላር እዚያው አለ። የሚያስፈራው ቀጠሮ መሰረዙ ነው፤ ሌላ ክፍት ቀን መቼ እንደሚገኝ ማን ያውቃል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዴ የተላከ ፎርም ውስጥ ገብተሽ መልስ መቀየር አትችይም። ግን የድሮውን መነሻ አድርገሽ አዲስ መሙላት ትችያለሽ። ፎርሙ የተሞላበት የመንግሥታቸው ድረ ገጽ ላይ ግቢና «ሪትሪቭ አፕሊኬሽን» የሚለውን ምረጪ። በሁለት ኤ የሚጀምረውን የማመልከቻ ቁጥር፣ የሰርኔምሽን የመጀመሪያ 5 ፊደላት፣ የልደት ዓመትሽንና የሚስጥር ጥያቄውን መልስ ይጠይቅሻል። እዚህ ጋ ልብ በይ። ሲስተሙ የሚያውቀው ፎርሙ ላይ የተጻፈውን ዓመት ነው። ያንቺ ደግሞ ተሳስቷል። ስለዚህ ለመግባት ያህል የተሳሳተውን ዓመት ነው የምታስገቢው። ብዙ ሰው ትክክለኛውን እያስገባ «አልገኝ አለ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ከገባሽ በኋላ አዲስ ማመልከቻ ፍጠር የሚል ምርጫ ይመጣልሻል። አብዛኛው መልስ ተሞልቶ ይጠብቅሻል። ሁለቱን ስህተት ብቻ አርመሽ ግን አትላኪው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሁለት ቦታ የተሳሳተ ሰው ሦስተኛም ቦታ ሊሳሳት ይችላል። ገጹን 20 ደቂቃ ያህል ሳትነኪው ከቆየሽ ያስወጣሻል። በየገጹ ሴቭ አድርጊ፣ ለመብራቱም ቢሆን ይጠቅምሻል። ያልተላከ ፎርም 30 ቀን ይቆይልሻል፤ ስለዚህ አትጣደፊ።

መጨረሻ ላይ «ሳይን ኤንድ ሰብሚት» የሚለውን ራስሽ ተጫኚው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሞላልሽም ያንን ቁልፍ መጫን ያለበት አመልካቹ ነው፤ ፊርማሽ ማለት ነው። ፎርሙ ራሱ «ሲሞላ የረዳሽ ሰው አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ሱቆቹ ግን ይህንንም «የለም» ብለው ያልፉታል። የሱቁ ልጅ ከረዳሽ «አዎ» በይ። መረዳት ነውር አይደለም፣ ማንም አይቀጣሽም።

ስትልኪው አዲስ የማረጋገጫ ገጽ ከነባርኮዱ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። ገና ነው። ቀጠሮ የያዝሽበት አካውንት ውስጥ ገብተሽ የድሮውን ቁጥር በአዲሱ መተካት አለብሽ። ይዘሽ የምትሄጂው ባርኮድና ቀጠሮው ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ ከበር ልትመለሺ ትችያለሽ። ይህንን ለዋዜማው አታቆዪው፣ ጥቂት የሥራ ቀናት ሲቀሩት ጨርሺው።

ችግሩ አካውንቱ ያለው በማን እጅ ነው? አዳማ ውስጥ ያየሁት ብዙው ሱቅ አካውንቱን የሚከፍተው በራሱ ኢሜይል ነው። የሚስጥር ጥያቄውንም ለመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። አንቺ እጅ ላይ የሚቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሄደሽ አራት ነገር ጠይቂ፦ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ የሚስጥር ጥያቄውን ከነመልሱ፣ የቀጠሮ አካውንቱን ኢሜይል፣ ፓስወርዱን። ገንዘብሽን ከፍለሽበታል፣ ያንቺ ነው። ፓስወርዱን ሲሰጡሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ ግቢበትና ሲሠራ እይ፤ ከዚያ ቀይሪው። የድሮው ፎርም አልከፈት ካለሽ አትጨነቂ፣ ከባዶ አዲስ ሙዪ። አካውንቱ ግን የግድ ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ስህተቶቹ ልምጣ። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የልደት ዓመቱ ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠራችን ነው። ሱቅ ውስጥ «ስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድሽ?» ይሉሻል፣ አንቺ በእኛ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እነሱ 8 ይደምራሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ የተወለደ ሰው ግን የሚደመርለት 7 ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 10 ቀን 1990 የተወለደች ልጅ በእነሱ ኦክቶበር 20፣ 1997 ናት። 8 ከደመሩላት 1998 ትሆናለች፣ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ያንቺም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። መፍትሔው ስሌቱን ትቶ ፓስፖርቱን መገልበጥ ነው። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ ጉዳዩ የኤምባሲው ሳይሆን የኢሚግሬሽን ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ይስተካከላል።

ስምም እንዲሁ። ፓስፖርትሽ ላይ ከፎቶው ግርጌ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። የላይኛው ላይ ከአገራችን ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው፣ ከሁለቱ የቀስት ጫፍ ምልክቶች በፊት ያለው ሰርኔምሽ ነው። ከእነሱ በኋላ ያለው የራስሽ ስም ነው። የባልን ስም ሰርኔም ላይ የሚከቱ ሱቆች አሉ፤ እኛ አገር በጋብቻ ስም አይቀየርም፣ እንዳትቀበያቸው። የትውልድ ቦታም ፓስፖርቱ ናዝሬት ካለ ናዝሬት፣ አዳማ ካለ አዳማ ብለሽ ጻፊ።

የወንድምሽ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እኔንም እንድጽፍልሽ ያደረገኝ እሱ ነው።

እናቴ እህቴን ልታርስ ልትሄድ ፎርሙን ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ አስሞላች። ማታ የታተመውን ይዤ እራት ላይ አነበብኩላት። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ጋ ስደርስ «የለም» ይላል። እናቴ መሶቡ ላይ እጇን አቁማ «ልጄስ?» አለች። በማግስቱ የሱቁን ልጅ ጠየቅነው። «ልጅ አላት ከተባለ እዚያው ትቀራለች ብለው ይከለክሏታል፣ ለእሷ ብዬ ነው» አለን። ክፉ ልጅ አይደለም። የሚያምንበትን ነው የሠራው። ለስንቱ ሰው እንዲህ እንደሞላ ሳስበው ግን እስከዛሬ ያመኛል።

እንደገና ሞላነው፣ «አዎ፣ ልጅ አለችኝ» አልን። ኢንተርቪው ላይ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» ነበር። እናቴ «ልጄ ጋ» አለች፤ ፎርሙም ያንኑ ይላል። ስለ ድሮው ፎርም ማንም አላነሳባትም። እስቲ ያ «የለም» እንዳለ ቢሆን ኖሮ አስቢው። በአፏ ልጄ ጋ እያለች፣ ፊርማዋ ያለበት ፎርም ልጅ የላትም ሊል ነው።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ይህን ይለያል። የጉብኝት ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚከለከለው በ214ቢ ነው። ትመለሳለች ብለን አላመንም ማለታቸው ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሌላ ጊዜ እንደገና ማመልከት ይቻላል። ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ ወሳኝ ነገር ላይ መዋሸት ግን በክፍል 212 የሚታይ ነው። ልዩ ይቅርታ ካልተገኘ በስተቀር ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ያመጣል። ወንድም መኖሩ በራሱ አያስከለክልም። ወንድምን መደበቅ ግን ይህን በር ይከፍታል። ቀድሞ የተከለከለ ቪዛን መደበቅም እንዲሁ ነው፤ እነሱ ዘንድ መዝገቡ አለ።

ደግሞ ሰው ሳይደርስብሽ በፊት ራስሽ ማረምሽ በአሠራራቸው ዋጋ አለው። በጊዜው የታረመ ነገር እንደ ውሸት ላይቆጠር ይችላል። ኦፊሰሩ አፋጥጦሽ ካመንሽ በኋላ ግን አረምኩ ማለት አይሠራም። ለዚህ ነው በአፍ አስረዳለሁ ብለሽ አትቀመጪ ያልኩሽ። አሁን አዲሱን ሙዪ። የድሮውንም የማረጋገጫ ገጽ ጣይው አልልሽም፣ ከሰነዶችሽ ጋር ያዢው። ለምን ሁለት ፎርም እንዳለሽ ከጠየቁሽ «የሞላልኝ ሰው ተሳስቶ ነበር፣ ሳነበው አግኝቼ አረምኩት» በይ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ማስረዘም አያስፈልግም።

ስልክ ቁጥር ወይም የቤት አድራሻ የተሳሳተባችሁ ሰዎችም ጥያቄው ሥር ጽፋችኋል። ቀጠሯችሁ ገና ከሆነ በዚሁ መንገድ አስተካክሉት። ነገ ተነገወዲያ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ስህተት መስኮቱ ላይም ይነገራል፣ እንቅልፍ አትጡበት።

ዲቪ የደረሳችሁ ግን ከዚህ ጋር አታምታቱት። የእናንተ ፎርም ዲኤስ-260 ነው። ከተላከ በኋላ የሚከፈተው ኬንታኪ ላለው የቆንስላ ማዕከል በኢሜይል ጽፋችሁ ስትጠይቁ ነው። መጀመሪያ ዕጣው ላይ የሞላችሁት ደግሞ ከተላከ በኋላ አይታረምም። ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ እያለ ያልተመዘገበበት ዕጣ ያስወድቃል። ለዚያ ጥያቄ ብቻውን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

እህቴ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ። ቀጠሮሽ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው። 8፡30 ካለ ከጠዋቱ 2፡30 ማለት ነው። ከአዳማ በፈጣኑ መንገድ ብትወጪም ከቱሉ ዲምቱ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን የጠዋት ትራፊክ ታውቂዋለሽ። ዘመድ ካለሽ አዲስ አበባ እደሪ። ቪዛው ከተሰጠሽ ደግሞ ፓስፖርቱን እንደተቀበልሽ ስምሽን፣ የልደት ቀንሽንና የፓስፖርት ቁጥርሽን አመሳክሪ፤ የተሳሳተ ካለ ቲኬት ሳትቆርጪ ለኤምባሲው አሳውቂ።

የሱቁ ልጅ ኢሜይሉንና ፓስወርዱን አልሰጥም ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብሬሽ ሄጄ አናግረዋለሁ።