አዲስ ቼዝ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆች

ከጠረጴዛዬ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ በካርቶን የተሠራ አንድ የቼዝ ሰሌዳ አለ። ርዝመቱም ወርዱም አሥራ ሁለት ካሬ ነው፤ በድምሩ 144። የሠራሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘጠኝ ዓይነት አዳዲስ ጠጠሮች ፈጠርኩለት፤ ሁሉንም ከእንጨት ጠርቤ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ስም አወጣሁላቸው። ሁለት ጎበዝ ተጫዋቾች ጋብዤ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸውና ጎን ሆኜ ማየት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ «ይሄኛው እንዴት ነበር የሚሄደው?» የሚለውን ጥያቄ አሥራ ሰባት ጊዜ ሰማሁ። ቆጥሬዋለሁ። በመጨረሻ አንደኛው ሰዓቱን አየት አድርጎ «ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለኝ። በእኛ ሙያ ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ መንደፍ መተዳደሪያዬ ሆነ። ዛሬ ወጣቶች ንድፋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ አብዛኞቹ ያንን የካርቶን ሰሌዳ ሌላ ስም ሰጥተው የሚያሳዩኝ ይመስለኛል። ሰሌዳው ሰፍቷል፣ ጠጠሩ በዝቷል፣ ደንቡ አራት ገጽ ሞልቷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ ብዬ ነው። ይህን ስል ሥራው ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። አንዷን ነገር ስትነኩ ሌሎቹ ሁሉ ይነቃነቃሉ፤ የነቃነቃችሁትን እያሳደዱ ማስተካከል ነው የነዳፊ ሥራ።

የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ ያስተዋወቀውን ቼዝ ተመልከቱ። ሰው መክፈቻዎችን በቃሉ እያጠና መምጣቱ አስመርሮት፣ የኋላውን ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ እናሰልፋቸው አለ። ሐሳቡ ያ ብቻ ነው። ስምንቱን ጠጠሮች ያለ ምንም ገደብ ብታደባልቋቸው 5,040 አሰላለፍ ታገኛላችሁ። ፊሸር ግን ሁለት ገደብ አስቀመጠ፦ በሰያፍ የሚሄዱት ሁለቱ ጳጳሶች በተለያየ ቀለም ካሬ ላይ ይቁሙ፣ ንጉሡም በሁለቱ ግንቦች መካከል ይሁን። በዚህ ጊዜ 5,040ው ወደ 960 ይወርዳል፤ ጨዋታው «ቼዝ 960» የተባለውም ለዚህ ነው። ከአምስት እጅ አራቱን ጣለው ማለት ነው። የጣለበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሁለት ጳጳስ በአንድ ቀለም ላይ ከቆሙ የሰሌዳው ግማሽ ያለ ጳጳስ ይቀራል፣ ንጉሡ ከግንቦቹ ውጭ ከሆነ ደግሞ ካስሊንግ፣ ማለትም ንጉሡና ግንቡ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት ደንብ፣ ትርጉም ያጣል። ካስሊንግ ራሱ ያው አዲስ ደንብ አስፈለገው፤ ንጉሡና ግንቡ ከየትም ይነሡ፣ የሚያርፉት በተለመደው ቼዝ በሚያርፉበት ካሬ ላይ ነው ተብሎ ተወሰነ። ዕጣ የማውጣቱን ሐሳብ ማንም ሊያስበው ይችላል፤ ከእሱ በፊትም ያሰቡ ነበሩ። እኔ የምትማሩት ከእነዚያ ሁለት ገደቦች ቢሆን እመርጣለሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። ከካርቶኑ ውርደት በኋላ ተጸጽቼ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የቀለለ ነው ያልኩትን ለውጥ መረጥኩ፦ ወታደር አንድ ካሬ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። በአንድ መስመር የሚያልቅ ደንብ! በማግስቱ ጥያቄዎቹ መጡ። ወደ ሁለተኛው ረድፍ የተመለሰ ወታደር እንደገና ሁለት ካሬ መዝለል ይፈቀድለታል? ከተፈቀደለት፣ ጎረቤቱ በአን ፓሳን፣ ማለትም ዘሎ ሲያልፈው አንድ ካሬ ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ፣ ሊበላው ይችላል? ወደ መጀመሪያው ረድፍስ መውረድ ይችላል? እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው፤ አዎ ወይም አይ ብሎ መጻፍ ነው። የሃምሳ ተራ ደንብ ላይ ስደርስ ግን ላብ ላብ አለኝ። ሃምሳ ተራ ሙሉ ምንም ነገር ካልተበላና ወታደር ካልተነቃነቀ ጨዋታው አቻ ነው የሚባለው፣ ወታደር አንዴ ከሄደ ስለማይመለስ ነው። ከተመለሰ ግን ቆጠራው ለዘላለም ከዜሮ እየጀመረ ይኖራል። የጨዋታው መጨረሻ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀሩ፣ ተራህ ደርሶ መንቀሳቀስህ ግድ መሆኑ ራሱ መሸነፊያህ ይሆናል፤ ብዙው የማብቂያ ጥበብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ወታደሩ ወዲያና ወዲህ እያለ ጊዜ ማባከን ከቻለ ያ ግዴታ ጠፋ። አንድ መስመር ጽፌ የጨዋታውን አጥንት ሰብሬ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ዲፕማይንድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ተመራማሪዎች ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ጋር ሆነው አልፋዜሮ የተባለውን ፕሮግራም በዘጠኝ የተለወጡ ደንቦች ሲያጫውቱ፣ ወታደር ወደ ኋላ የሚመለስበት ቼዝ አንዱ ነበር። ፈገግ አልኩ። ዘጠኙንም ብታዩአቸው ጥቃቅን ናቸው፦ ካስሊንግ ይቅር፣ ወታደር ሁለት ካሬ አይዝለል፣ የራስን ጠጠር መብላት ይፈቀድ፣ እንዲህ ያሉ። ያን ያህል ዕውቀት ያላቸው ሰዎች አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሰሌዳ አላስፈለጋቸውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተነቃነቀው ነገር ስጦታ ሆኖ ይመጣል። አቶሚክ በሚባለው ቼዝ፣ መብላት ፍንዳታ ነው፤ የበላውም የተበላውም ይጠፋሉ፣ በዙሪያቸው ካሉት ስምንት ካሬዎች ላይም ከወታደር በቀር ሁሉም ይጠፋል። የራስን ንጉሥ ማፈንዳት አይፈቀድም። ከዚህ ምን ይወለዳል? ሁለቱ ንጉሦች ጎን ለጎን ከቆሙ ማንም በቀጥታ ሊበላቸው አይችልም፤ አንዱን የበላ የራሱንም ያፈነዳልና። በሽንፈት አፋፍ ላይ ያለ ተጫዋች ንጉሡን እየነዳ ወደ ጠላት ንጉሥ ጉያ ይሸሻል። ይህን መሸሸጊያ ያመጣው የተለየ አንቀጽ የለም፤ ከፍንዳታው ደንብ በራሱ የፈለቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ አታስተካክሉት።

አዲስ ጠጠር መፍጠር አልተውም ካላችሁ፣ ሰሌዳ ላይ ብቻውን አስቀምጡትና አብራችሁት ዋሉ። ሦስት ካሬ ቀጥ ብሎ አንድ ካሬ ወደ ጎን የሚዘል ጠጠር፣ ነዳፊዎች ግመል የሚሉት፣ የፈረስ ታላቅ ወንድም ይመስላል። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ከቆመበት ቀለም አይወጣም። የቼዝ ቅድመ አያት በሆነው በጥንቱ ሻትራንጅ የነበረው ዝሆን ደግሞ በሰያፍ ሁለት ካሬ ነበር የሚዘለው፤ ከ64ቱ ካሬዎች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ አራት ዝሆኖች አሉ፣ የአንዱ ስምንት ካሬ ከሌላው ጋር ስለማይገናኝ አንዱ ሌላውን ሊበላ ቀርቶ አንድ ካሬ ላይ እንኳ ተፈራርቀው ሊቆሙ አይችሉም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አውሮፓ ውስጥ ይህን ዝሆን የዛሬው ጳጳስ ሲተካው፣ አንድ እርምጃ በሰያፍ ብቻ ይሄድ የነበረውም አማካሪ ንግሥት ሲሆን፣ ጨዋታው በአንድ ትውልድ ፈጠነ። መደበኛ የምንለው ቼዝ የአንድ ደፋር ነዳፊ ወይም የብዙዎች ሥራ ነው።

ጳጳስንና ፈረስን አንድ አካል ያደረገ ጠጠርም አለ። ንጉሡን ኤ1 ጥግ ላይ፣ ይህን ጠጠር ሲ3 ላይ አድርጉ። በጳጳስነቱ ንጉሡን ቼክ ይላል፣ ቢ2ንም ይዘጋል፤ በፈረስነቱ ኤ2ንና ቢ1ን ይይዛል። ያለ ማንም እርዳታ ቼክሜት ነው። ሁለት ፈረሶች ከንጉሣቸው ጋር ሆነው እንኳ ማስገደድ የማይችሉትን ቼክሜት ይህ አንዱ ከንጉሡ ጋር ሆኖ ያስገድደዋል። ጠጠሩን እጃችሁ ላይ ስታዩት ከግንብ ትንሽ የሚሻል ይመስላችኋል፤ ሲጫወት ግን ወደ ንግሥት የሚጠጋ ነው። የጠጠርን ዋጋ በግምት አትጻፉ።

ይህን ጠጠር ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ቼዝ በአቻ ሊሞት ነው ብሎ በፈራ ጊዜ፣ ግንብንና ፈረስን ካጣመረ ሌላ ጠጠር ጋር በአሥር በስምንት ሰሌዳ ላይ አሰለፈው። ከእሱ በፊት ሄንሪ በርድ በ1874፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ፒየትሮ ካሬራ በ1617 ሁለቱንም ጠጠሮች ተጠቅመውባቸዋል። ስለዚህ «የፈጠርኩት» ያላችሁት ነገር ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ግን ፈልጉ፤ ቀድሞ የሞከረው ሰው የወደቀበትን ጉድጓድ ያሳያችኋል። ካፓብላንካን የሚያህል የዓለም ሻምፒዮን እንኳ በመነሻ አሰላለፉ ከነጭ በኩል ከቀኝ ዳር ሁለተኛውን ወታደር ያለ ጠባቂ ትቶታል። በተለመደው ቼዝ ገና ሳይጀመር ሁሉም ወታደር ቢያንስ አንድ ጠባቂ አለው። አዲስ አሰላለፍ ስታወጡ መጀመሪያ የምትቆጥሩት ይህን ይሁን።

ስለ ሚዛን ብዙ አልልም። ቀድሞ የሚጀምር ሁልጊዜ ትንሽ ይጠቀማል፤ የእናንተ ደንብ ያን ጥቅም ካሳደገው መላ ፈልጉ። በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ በሚኬድበት የማርሴይ ቼዝ፣ ነጭ በመጀመሪያው ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይሂድ መባሉ ችግሩን አቃለለው። ሁለቱ ጎኖች የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ ሎርድ ደንሳኒ እ.ኤ.አ. በ1942 ሠላሳ ሁለት ወታደሮችን ከሙሉ ሠራዊት ጋር አጋጥሟል፣ እስከ ዛሬም ይጫወቱታል። ቦታ እየተለዋወጡ ሁለት ሁለት ጊዜ መጫወት ነው።

እኛ ያልነበረን ነገር እናንተ አላችሁ። ፌሪ ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም የፈጠራችሁትን ደንብ በአጭር የጽሑፍ ፋይል ብትገልጹለት ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጫወት ያድራል። ጠዋት ላይ ነጭ ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ ስንቱ አቻ ወጣ፣ የትኛውን ጠጠር ማንም አልነካውም የሚለውን ታያላችሁ። እኔ ለዚህ ወራት ይፈጅብኝ ነበር። ማሽኑ የማይነግራችሁ ግን ጨዋታው ይጣፍጥ እንደሆነ ነው። ያለህን ሁሉ አስበልተህ የምታሸንፍበት ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2016 በኮምፒውተር ተፈትቷል፤ ነጭ የንጉሡን ወታደር አንድ ካሬ ገፍቶ ከጀመረ ማሸነፉ ተረጋግጧል። ሰዎች ግን እስካሁን እየሳቁ ይጫወቱታል።

ስለዚህ ሰው አስቀምጡ። ደንቡን በወረቀት ስጧቸውና አፋችሁን ዝጉ። ይህ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ተሳስተው ሲጫወቱ እያዩ ዝም ማለት። የተሳሳቱት እነሱ ሳይሆኑ ወረቀቱ ነው። ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ አለው። ጠጠሮቹን እንደገና ለመደርደር እጃቸው ይሄድ እንደሆነ ብቻ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ምክር ይሁን ምሬት አላውቅም። በአብዛኛው አገር የቅጂ መብት የደንቡን ጽሑፍ እንጂ የጨዋታውን ሐሳብ አይጠብቅም። አንድ ድርጅት ንድፌን ወስዶ ስሜን ሳይጠቅስ አትሞታል። ሁለት ዓመት ስናደድ ኖርኩ፣ በሁለቱ ዓመታት አንድም ጨዋታ አልሠራሁም። ስማችሁንና ቀኑን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ከእነዚያ ዘጠኝ የእንጨት ጠጠሮች አንዱን አልጣልኩትም። አካሄዱ እንደ ጳጳስ ነው፣ ሲበላ ግን እንደ ፈረስ ይዘላል። ዝም ብሎ ሲሄድ ከቀለሙ አይወጣም፤ በበላ ቁጥር ግን ቀለም ይቀይራል። ይህን ያወቅሁት ከፈጠርኩት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ በተለመደው ሰሌዳ ላይ በጳጳሶቹ ምትክ አቆምኩት። ጥሩ ይጫወታል። ችግሩ፣ እንደ ጳጳስ ስለማይበላ ከሁለቱም ዳር ሁለተኛ ያሉት ወታደሮች ያለ ጠባቂ ቀሩ፣ በሦስተኛው ተራም ሊጠቁ ይችላሉ። ከፈረሶቹ ጋር ቦታ አለዋወጥኩት፤ አልረዳም። ባለፈው ሳምንት ፈረሶቹን ጥግ አስገብቼ ግንቦቹን አጠገባቸው አመጣሁ። ስምንቱም ወታደሮች ጠባቂ አገኙ። አሁን ደግሞ ካስሊንጉ ተበላሸ።