መልስ፦ አራተኛው ኢንዲያና ጆንስ ለምን ይሰደባል?

«አራተኛውን የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ሰው ሁሉ ለምን ይጠላዋል፣ ልየው ወይስ ልተወው?» ላልከው፣ እየው ባይ ነኝ። የጥላቻው ግማሽ የመጣው ከጥበቃው ነው። ሦስተኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ይሄኛው በ2008 ነው፤ 19 ዓመት ሙሉ አድናቂው በጭንቅላቱ የራሱን ፊልም ሲሠራ ከርሞ ያንን የሚያሸንፍ ዳይሬክተር ከየት ይመጣል? ስፒልበርግም አልቻለም።

በእርግጥ ያቺ የፍሪጅ ነገር አለች። ጀግናው ኢንዲያና ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ከኒውክሌር ፍንዳታ ይተርፋል! ብዙው ሰው እዚያው ላይ ነው ተስፋ የቆረጠው። ግን በሁለተኛው ፊልም ከአውሮፕላን በጎማ ጀልባ ዘለው ሲተርፉስ ማን ምን አለ? እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው፤ ጫካ ውስጥ ያለው የመኪና ማሳደድ የኮምፒውተር ምስል በዝቶበታል። የመጀመሪያው ፊልም እኮ የሚጥመው እውነተኛ ሰው ከእውነተኛ መኪና ኋላ መሬት ለመሬት ሲጎተት ስለምናይ ነው። መጨረሻውን አልነግርህም፣ እሱም አከራካሪ ነው። ኢንዲያናን የሚጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ግን በ60ዎቹ ዕድሜው ያንን ባርኔጣ ሲደፋ አሁንም ያምርበታል፣ በመጀመሪያው ፊልም የኢንዲያና ፍቅረኛ የነበረችው ማሪየንም ተመልሳለች። ብቻ መጀመሪያ ሦስቱን ጨርስ። የ2023ቱን አምስተኛውን ደግሞ ሌላ ቀን እንጣላበታለን።