ስልኩን የሚደውለው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚያወሩት የምክር ቤት ኮሚቴዎች ስለ ማረሚያ ቤት ማሻሻያና ስለ ወንጀል ተጎጂዎች መብት ስለሚያዩት ረቂቅ ሕግ ነው። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሕግ አላረቀቅኩም፤ ድምፅ ለመስጠትም እጄን አውጥቼ አላውቅም። ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ይሰማል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ በሰው እጅ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል። አሁን ኮሚቴው የያዘው ረቂቅ አመክሮን (እስረኛ ፍርዱን ሳይጨርስ በገደብ መፈታቱን) ያሰፋል፣ ለእስረኛ ሕክምናና ትምህርት ይጨምራል ይባላል። ስለ እኛ ስለ ተጎጂዎች ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው አሉኝ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ቀን ሳላስበው መንገድ ላይ ፊት ለፊት መገጣጠማችን ነው። ረቂቁን ልቃወም? (የሟች እህት)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ከመቃወምሽ በፊት ያንን አንድ አንቀጽ ፈልገሽ አንብቢው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ተጎጂው ስለ ፍርደኛው መፈታት እንዲያውቅ ይደረጋል።» ሲሰሙት ደስ ይላል። ኮሚቴ ውስጥ ሲነበብም ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ግን የሚያሳውቀው ማነው? ፖሊስ? ዐቃቤ ሕግ? ማረሚያ ቤቱ? ከመፈታቱ ስንት ቀን ቀደም ብሎ? አንቺ ቤት ቀይረሽ ከሆነስ? ሰውየው በአመክሮ ሳይሆን አምልጦ ወጥቶ ከሆነስ? ይህ ካልተጻፈ ፖሊስ «ማረሚያ ቤቱ ነግሯታል» ይላል፤ ማረሚያ ቤቱ «የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው» ይላል። አንቺ ደግሞ ያልሽው መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ።

አንድ የአስተያየት መድረክ ላይ ልጇ የተገደለባት እናት ይህንኑ ጠየቀች። «ስልኩን የሚደውለው ማነው?» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በሙሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። ሰብሳቢው ማይኩን ወደ አንዱ ገፋው። እሱ ወደ ጎረቤቱ አሳለፈው። ጎረቤቱ ወደሚቀጥለው። ማይኩ ጠረጴዛውን ዞሮ ሰብሳቢው ፊት ተመልሶ ቆመ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «መልሱ በጽሑፍ እንዲቀርብ ተባለ» የሚል ነው። የማይኩ ጉዞ በቃለ ጉባኤ አይጻፍም።

ጥያቄው ሊመለስ የማይችል ሆኖ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኬንታኪ ግዛት በ1993 አንዲት ወጣት ሴት የቀድሞ ጓደኛዋ ከእስር መውጣቱን ማንም ሳይነግራት በእሱ እጅ ተገደለች። በቀጣዩ ዓመት ሉዊቪል ከተማ ላይ በራሱ የሚደውል የስልክ ሥርዓት ተጀመረ። እስረኛው ሲፈታ ኮምፒውተሩ ወደ ተጎጂው ይደውላል። ስልኩ ተነስቶ የምሥጢር ቁጥሩ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ ይደውላል። አየሽ፣ እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አያከራክርም።

መብቱም ቢሆን ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኖቬምበር 1985 ስለ ወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ አውጥቷል። ተጎጂ ማለት በትሩ ያረፈበት ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ የቅርብ ቤተሰብም እንደሚጨምር ይላል። ጥፋተኛው ባይያዝ እንኳ ተጎጂነቱ አይቀርም። ተጎጂው የጉዳዩን ሂደት የማወቅና ስጋቱን የማሰማት ዕድል ሊያገኝ እንደሚገባም ይጠቅሳል፤ የተከሳሹ መብት ሳይነካ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ያወጣው መመሪያ ደግሞ በ6ኛው አንቀጹ፣ ተጎጂው ከፈለገ የእስረኛው መፈታት ወይም ማምለጥ ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። «ከፈለገ» የምትለዋን ልብ በይ። የዚያን ሰው ስም ዳግም መስማት የማይፈልግ ተጎጂም አለ፤ እሱም መብቱ ነው። መመሪያው አንድ በር ክፍት ትቷል። መንገሩ በእስረኛው ላይ ግልጽ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ላይነገር ይችላል። አንዳንድ ተጎጂዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ፤ ያንን አደጋ የሚመዝነው ማን እንደሆነ እስከተጻፈ ድረስ።

አሁን ወደ አመክሮው እንምጣ። ሙሉ ፍርዱን ጨርሶ የሚወጣ ሰው በብዙ አገር የሚከታተለው የለም። በሩ ይከፈትለታል፣ ይሄዳል። በአመክሮ የሚወጣ ግን ገደብ ይደረግበታል። በየጊዜው ቀርቦ ሪፖርት ያደርጋል። አንቺ ወዳለሽበት እንዳይጠጋ ሊታዘዝም ይችላል። ትእዛዙን ከጣሰ ይመለሳል። ስለዚህ ባንቺ ቦታ ብሆን አመክሮውን ከመቃወም ይልቅ ሁለት ነገር እንዲጨመር እጠይቅ ነበር። አንደኛ፣ አመክሮ የሚሰጠው አካል ከመወሰኑ በፊት ያንቺን ቃል በጽሑፍም በአካልም እንዲቀበል። ሁለተኛ፣ ወዳንቺ እንዳይቀርብ የሚለው ገደብ አንቺ ተማጽነሽ የሚሰጥ ሳይሆን በራሱ የሚታይ እንዲሆን። ቃልሽን መስጠትሽ ውሳኔውን በእጅሽ አያስገባም፤ እሱን ከወዲሁ ልንገርሽ። ግን ፋይሉ ውስጥ አንቺም ትኖሪያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ ታስሯል። ጥፋቱን አልክድም። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ «እዚህ የለም» ብለው መለሱኝ። ወደ ሩቅ ማረሚያ ቤት መዛወሩን ያወቅኩት ከሌላ እስረኛ እናት ነው። ኮሚቴው ወደ ቅርብ ሊያመጣልኝ ይችላል? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አይችልም። ኮሚቴ ፍርድ አይነካም፣ እስረኛም አያዛውርም። ሕግ ያወጣል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠርቶ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ የሚያደርግልዎት መስሎዎት እንዳይጠብቁ።

ነገር ግን የደረሰብዎት በዓለም የታወቀ ጉድለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያሻሻላቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠሩ 122 የእስረኞች አያያዝ ደንቦች አሉ። 68ኛው እስረኛ ሲታሰር፣ ሲዛወር ወይም ክፉኛ ሲታመም ወዲያው ለቤተሰቡ ማሳወቅ እንዲችል መንገዱ ይመቻችለት ይላል። 59ኛው በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ ይታሰር ይላል። ደንቦቹ በራሳቸው አያስገድዱም። ጥርስ የሚያወጡት ኮሚቴው ወደ አገር ሕግ ሲያስገባቸው ነው። ከላይ የጻፈችውን እህት ደብዳቤ እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ። ቂም የያዛችሁ ወገኖች ትመስላላችሁ፤ የምትጠይቁት ግን ያንኑ ስልክ ነው።

ለአሁኑ፣ አቤቱታውን በቅድሚያ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ያስገቡ። ልጅዎ ራሱ ማመልከት ካልቻለ ቤተሰብ ስለ እሱ ማመልከት እንደሚችል እነዚሁ ደንቦች ይላሉ። ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያስመቱ። ለኮሚቴው የሚላከው ግልባጭ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ዘራፊ ደብድቦ እጄን ሰበረኝ። ፍርድ ቤት ካሳ ወሰነልኝ። ሰውየው ግን ሰባራ ሳንቲም የለውም። ረቂቁ ደግሞ እስረኛ ለሠራበት ተገቢ ክፍያ ያግኝ ይላል። እጄን ሰብሮ ደመወዝተኛ ሊሆን ነው? (ግራ እጁ ያልዳነለት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብትናደድ አልፈርድብህም። ግን ያንን አንቀጽ አታስሰርዝ፤ ካሳህ የሚመጣው በእሱ በኩል ሊሆን ይችላል። እስር ቤት ውስጥ ገቢ የሌለው ሰው ምን ይከፍልሃል? ፍርዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። የማንዴላ ደንቦች 103ኛው እስረኛ ለሥራው ፍትሐዊ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ ከፊሉ ለሚፈታበት ቀን እንዲቀመጥለት ይላል። ተጎጂን አይጠቅስም። ይህን መሙላት የኮሚቴው ፈንታ ነው። እንግሊዝ በ1996 ያወጣችውን ሕግ በ2011 ሥራ ላይ ስታውል፣ ከማረሚያ ቤት ውጭ እየሠሩ ደመወዝ ከሚያገኙ ታራሚዎች ከተወሰነ መጠን በላይ ካለው እስከ 40 በመቶ ተቆርጦ ተጎጂዎችን ለመርዳት እንዲውል አድርጋለች።

ከታራሚው ክፍያ ብቻ ግን እጅ አይታከምም። ዘራፊው ጨርሶ ያልተያዘበትስ ምን ይሁን? ለዚህ ነው ኒው ዚላንድ በ1963 የወንጀል ተጎጂን ራሱ መንግሥት የሚክስበትን ሕግ ያወጣችው። ብሪታንያ በ1964፣ ካሊፎርኒያ በ1965 ተከተሏት። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለሚል የኮሚቴ አባል፣ የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ጥቀስለት። ከ1984 ጀምሮ ፍርደኞች የሚከፍሉትን የገንዘብ ቅጣት ለተጎጂዎች በሚውል ፈንድ ያጠራቅማል። ቅጣቱ ወደ መንግሥት ጠቅላላ ካዝና ከገባ ግን ያንተ እጅ ከመንገድና ከድልድይ ጋር ወረፋ ይይዛል።

በረቂቁ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ካሳ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ። ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ ሰው ገደቡ እንዳለፈበት የሚያውቀው ሲወጣ ነው። ገደቡ የሚቆጠረው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቀን ይሁን ወይስ ተጎጂው መብቱን ካወቀበት ቀን? ይህን ጠይቅ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ነኝ። ኮሚቴው ሊጎበኝ ሲመጣ ግድግዳ ይቀባል፣ ግቢ ይጠረጋል፣ የተመረጡ እስረኞች ይሰለፋሉ። እኛን ዞር ብሎ የሚያናግረን የለም። ማሻሻያ እኛን አይመለከትም?

መልስ፦ ይመለከታል እንጂ! የቀለሙን ነገር እኔም አውቃለሁ። አንድ ጉብኝት ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስጽፍ ቆይቼ ነጠላዬ አረንጓዴ ሆኖ ተመልሻለሁ። ከማንዴላ ደንቦች 84ኛው ለዚህ መድኃኒት አለው። ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ መምጣት ይችላሉ። የትኛውን ማረሚያ ቤት እንደሚያዩና ማንን እንደሚያናግሩ ራሳቸው ይመርጣሉ። ከእስረኛም ከሠራተኛም ጋር ለብቻ ያወራሉ። ከሠራተኛም! ይህን አንቀጽ የሚያስታውስ እምብዛም አላየሁም። 74ኛውም የሠራተኛው ደመወዝ በቂ እንዲሆን ይላል።

ስለ መጨናነቅም አንድ ነገር ልበል። አንተ ለብቻህ የምትጠብቀው ሰው ቦታው ከሚችለው እጥፍ ከሆነ፣ የትኛውም ማሻሻያ ከወረቀት አይወርድም። ካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤቶቿን የሠራችው ወደ 80 ሺህ ለሚሆን ሰው ነበር፤ ያሰረችው እጥፍ ገደማ ነበር። በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁጥሩ ማረሚያ ቤቶቹ ከተሠሩበት አቅም ወደ 137.5 በመቶ እንዲወርድ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸናባት። ኮሚቴ ሲያመነታ ፍርድ ቤት ቀድሞ ይቆርጣል። ፍርድ ቤት ሲቆርጥ ደግሞ ለተጎጂ ማን ይደውል የሚለውን ለማሰብ ጊዜ የሚያገኝ የለም።

ጥያቄ፦ ለኮሚቴው አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ያነቡታል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ገጽ ያነባሉ። በዚያ ገጽ አናት ላይ የረቂቁን ቁጥርና አንቀጹን ጻፍ። ቀጥሎ የደረሰብህን በአምስት መስመር። ቀጥሎ አንቀጹ እንዴት ቢጻፍ እንደምትፈልግ፣ ራስህ አርቅቀህ፣ በትእምርተ ጥቅስ። አባላቱ የተዘጋጀ ዐረፍተ ነገር ይወዳሉ፤ ሥራ ያቀልላቸዋል። የቀረውን አሥር ገጽ አባሪ አድርገው። አንዱን ቅጂ ለሰብሳቢው፣ ሌላውን ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ስጥ። የጽሕፈት ቤቱ እንዳይቀር፤ ለስብሰባ የሚባዛው ከዚያ ነው። የምትሄድ ከሆነ ሰኞ ጠዋት አትሂድ፤ ያን ሰዓት ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው።