የጎመን ትል በመርዝ ብዛት አይጠፋም

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጥቅል ጎመንና ሐበሻ ጎመን ተክያለሁ። ከኅዳር ወዲህ ቅጠሉ ወንፊት ሆነ። ትንንሽ አረንጓዴ ትሎች አሉበት፤ ሲነኩ ተወራጭተው በክር ይንጠለጠላሉ። ጎረቤቴ በሃይላንድ ቀድቶ የሰጠኝን መድኃኒት ደጋግሜ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። መርጫዬም ያንጠባጥባል። ከዚህ የሚበረታ መድኃኒት የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ «በክር ይንጠለጠላሉ» ካልሽኝ ወዲያ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይህ የጎመን እሳት እራት ትል ነው፤ የሰብል ጥበቃ ሰዎች ዳይመንድባክ ይሉታል። ለማረጋገጥ ጠዋት አንድ ቅጠል ገልብጠሽ እይ። ትሉ ቢያድግ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሁለቱም ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። በስንጥር ስትነኪው ወደ ኋላ እየተፈራገጠ ይወድቃል። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ሥጋው ተበልቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ብቻ የቀረበት ቦታ ታገኛለሽ። በነጭ ስስ ድር የተጠቀለለ ነገርም ካየሽ፣ ወደ እራትነት እየተለወጠ ያለው እሱ ነው።

ወፈር ያለና ሲሄድ ጀርባውን የሚያጎብጥ ትል ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ በእጅ ለቅመሽ ትጨርሺዋለሽ። ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ካደረም ቆራጭ ትል ነው። ከግንዱ አጠገብ አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊ፤ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደዚያ ሃይላንድ እንምጣ። ስሙ ያልተጻፈበት መርዝ አይረጭም። ጎረቤትሽ ለደግ አስቦ ነው፤ ግን ምን እንደሆነ፣ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ እሱም አያውቅ። ለማሳ የተገዛ ይሁን ለቤት ተባይ፣ ማን ያውቃል? የተረጨውን ቅጠል አትብሉት፤ ለከብትም አትስጪው። ጠርሙሱን አሁኑኑ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪ፣ «መርዝ» ብለሽ ጻፊበት፣ ለቀበሌሽ የግብርና ባለሙያ አስረክቢ። ወንዝ ወይም ሽንት ቤት አትድፊው። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውኃ ነው የሚመስለው።

«የሚበረታ» ያልሽው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ትል በዓለም ላይ መርዝ በመላመድ ከታወቁት ተባዮች ግንባር ቀደሙ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ላይ፣ ዲዲቲ እንዳልበገረው ተመዘገበ። በ1990 ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ከባክቴሪያ የሚሠራውን ቢቲ የሚባለውን መድኃኒት እንኳ ማሳ ላይ ተላምዶ ተገኘ። እንዴት መሰለሽ? ከብዙ ትል መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው ያንን መርዝ ይችሉታል። ስትረጪ ሌላው ያልቃል፣ እነሱ ይተርፋሉ። የሚራቡት እንግዲህ እነሱ ናቸው። አንዷ እራት መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሞቅ ባለ ጊዜ ከእንቁላል እስከ እራት 3 ሳምንት ገደማ ቢፈጅባቸው ነው፤ በአንድ በጋ ስንት ትውልድ እንደሚተካ አስቢው። አንዱን መርዝ በደጋገምሽ ቁጥር የምትመርጪው የማይሞተውን ዘር ነው። የባሰው ደግሞ፣ በዚህ ትል ሆድ ውስጥ እንቁላል ጥለው የሚገድሉት ትንንሽ ተርቦች አሉ። መርዙ ቀድሞ የሚፈጀው እነሱን ነው። ስለዚህ ከተረጨ በኋላ ትሉ በዛ የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በጣም የተበሉትን የታች ቅጠሎች ቁረጪና ጉድጓድ ውስጥ ቅበሪ። የቀረውን ቅጠል በቅጠል እየገለበጥሽ ትሉንም ድሩንም በጣትሽ ጨፍልቂ። ለጓሮ መደብ ይህ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። በየ3 ቀኑ ድገሚው፤ ዛሬ በእንቁላል ያለው ነገ ይፈለፈላል።

ውኃውን አመሻሽ ላይ ከላይ በማጠጫ አዝንቢበት። እራቷ የምትንቀሳቀሰው ሲመሽ ነው፣ ውኃው ይረብሻታል፤ ትንንሾቹንም ትሎች ያጥባቸዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ይህን ይሠራልሽ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ የባሰብሽ ለዚህ ነው።

ከቆላ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ የኒም ፍሬ አስመጪ። ቅጠሉም ይሠራል ይላሉ፤ ጉልበቱ ግን ፍሬው ላይ ነው። 50 ግራም የተፈጨ የፍሬውን ውስጥ በ1 ሊትር ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ በጨርቅ አጥልይው፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። የጎመን ቅጠል ሰም አለው፤ ያለ ሳሙና ውኃው ተንከባሎ ይወርዳል። ፀሐይ ያበላሸዋልና ሲመሽ እርጪ፣ በዕለቱም ጨርሺው። ወዲያው ገዳይ አይደለም፤ ትሉ መብላት ያቆማል፣ እድገቱም ይሰናከላል። ቢቲ ካገኘሽ እሱም ጥሩ ነው፤ በተለይ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ። ሁለቱን አፈራርቂያቸው።

መርጫሽን በተመለከተ፣ ያ ገበያው ላይ የሞላው ርካሽ ዕቃ ያናድደኛል። ጎማው ቶሎ ያብጥና ፈሳሹ በሰው ጀርባ ይወርዳል፤ አፉም ጉም እንደማውጣት ጠብታ ይተፋል። የሚያንጠባጥበውን በላስቲክና በክር አስረሽው ከሆነ ፍቺው፤ ያ ጥገና አይደለም። ጎማውንና አፉን በአዲስ ቀይሪ፣ በባዶ ውኃ ሞክሪ። ስትረጪም አፉን ከታች ወደ ላይ አዙሪ፤ ትሉ ያለው ቅጠሉ ሆድ ላይ ነው።

የግድ መርዝ መግዛት ካለብሽ፣ በማሸጊያው፣ ከነጽሑፉ፣ ለጎመን ተብሎ የተፈቀደ ይሁን። ከመቁረጥሽ በፊት የምትጠብቂው ቀን እዚያው ተጽፏል፤ እሱ ሳይሞላ ቅጠል አይነካም። ጓንት አድርጊ፣ ነፋስ ሲኖር አትርጪ። አሁንም እላለሁ፣ በሃይላንድ የተቀዳ መርዝ ማንም ይስጥሽ ማን አትቀበይ።

የመጨረሻውን ጥቅል ስትቆርጪ ጉቶውን ነቅለሽ ቅበሪ፤ ካስቀረሽው ያቆጠቁጥና የትሉ መራቢያ ይሆናል። በቦታው ቆስጣ፣ ሽንኩርት ወይም ካሮት ትከይ፤ እነዚህን አይበላም። ሰናፍጭና የጎመን ዘር ግን ምግቡ ናቸው። ለሚቀጥለው ዙር የችግኝ መደብሽን ከዘራሽበት ቀን ጀምሮ በስስ ሻሽ ሸፍኚ፤ ዳር ዳሩን በአፈር ድፈኚው።