ሁለት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን ጎን ለጎን ስለ መማር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በክፍል ሲ ፕላስ ፕላስ እየተማርን ሲሆን፣ ማታ ማታ ደግሞ ፓይተንን በግሌ አጠናለሁ። ሁለቱ እየተምታቱብኝ ስለሆነ አንዱን ልተው?

መልስ፦ መተው አያስፈልግዎትም፤ ነገር ግን አንዱ መሪ፣ ሌላው ተከታይ መሆን አለበት፤ መሪው የሚፈተኑበት ሲ ፕላስ ፕላስ ይሁን። መምታታቱን በተመለከተ፣ ሴሚኮለን (;) መርሳት ወይም ፓይተን ውስጥ ሳያስቡት የሲ ፕላስ ፕላስን አጻጻፍ መቀላቀል ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ወዲያው ይነገርዎታልና። የሚያሳስበው ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሠርቶ የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ ነው። ለምሳሌ 7ን ለ2 ሲያካፍሉ፣ ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ 3 ሲሰጥ ፓይተን 3.5 ይሰጣል። አንድን ቬክተር (የእሴቶች ዝርዝር) ለሌላ ቬክተር ሲመድቡ ሲ ፕላስ ፕላስ ይዘቱን በሙሉ ይገለብጣል፤ በፓይተን ግን ሊስቱ (የፓይተን የእሴቶች ዝርዝር) አንድ ሆኖ ሁለት ስም ብቻ ስለሚኖረው፣ በአንዱ ስም የጨመሩት በሌላውም ይታያል። ደብተርዎ ላይ ጎን ለጎን ሊመዘግቡ የሚገባዎት እንዲህ ያሉትን ድምፅ አልባ ልዩነቶች ነው፤ የትእዛዞችን አጻጻፍ በማንኛውም ጊዜ ፈልገው ሊያገኙት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም የሚያለማምድ አንድ መልመጃ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ እንደ 2015 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ አለዚያ 5 ናት። አንድ ቀን በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለማወቅ ደግሞ ዕለታቱን ከ0 እስከ 6 ቆጥሮ፣ ለ7 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ኋላ ስንቆጥር ነው፦ -3 ለ7 ሲካፈል ቀሪው በፓይተን 4፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን -3 ነው። በፓይተን በትክክል የሠራው ስሌት እንዳለ ቢገለበጥ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ከሳምንቱ ውስጥ የሌለ ዕለት ይፈልጋል፤ የዕለታቱ ስሞች የተደረደሩበት ተራ አሬይም (የእሴቶች ድርድር) ከወሰኑ ውጭ ሲነበብ ላይከለክል ይችላል። በቀሪው ላይ 7 ደምሮ እንደገና ቀሪ መውሰድ ይህን ያስተካክላል። መጀመሪያ በመሪው ቋንቋ ይጻፉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቀድሞውን ሳያዩ በሌላው ይጻፉና ውጤታቸውን ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕትን አብሮ መማር ሦስት ቋንቋ መማር ነው?

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የድረ ገጹን መዋቅርና መልክ ይገልጻሉ፤ ስሌቱና ውሳኔው የጃቫስክሪፕት ነው። ኤስኪውኤልም (የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) ሥራው የተለየ ስለሆነ ከማንኛውም ቋንቋ ጋር አብሮ ቢሄድ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ሁለተኛውን ለመጀመር መብቃቴን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የእድር ወርኃዊ መዋጮን ከፋይል አንብቦ ያልከፈሉትን የሚለይ ፕሮግራም ቪዲዮ ሳይከተሉ መጻፍ ከቻሉ፣ የስሕተት መልእክቱንም አንብበው ስሕተቱ ያለበትን መስመር ማግኘት ካላቃተዎት በቅተዋል። የተማሩት የወራት ብዛት መለኪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ ጃቫ እጠቀማለሁ። የሞባይል መተግበሪያ ለመሥራት ኮትሊንን (ለአንድሮይድ) እና ስዊፍትን (ለአይፎን) በአንድ ጊዜ ልጀምር?

መልስ፦ ይህንን አልመክርም፤ ምክንያቱም በመልክ እጅግ ስለሚቀራረቡ ዓይን አንዱን ከሌላው ሳይለይ ያልፋል። በስዊፍት አሬይ ሲመደብ የየራሱ ቅጂ ይሆናል፤ በኮትሊን ግን ሁለቱ ስሞች ያንኑ ሊስት ይጠቁማሉ፤ ይህም ቀደም ሲል ለተማሪው የገለጽሁት ወጥመድ ነው። ኮትሊን ከጃቫ ጋር በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አብሮ ስለሚሠራ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ባለው ኮድ ላይ አንድ ትንሽ ክላስ በመጻፍ በእሱ ይጀምሩ። ስዊፍትን የአይፎን ሥራ በእርግጥ ሲመጣ ይደርሱበታል።